የዶክተሩ ማኅተም እና የኮሪን አንገት

ኮሪን ላጋሴ ስትቀና አንገቷ ይቀላል። ፊቷን መግዛት ትችላለች፤ ምላሷንም ከፈለገች ትገዛለች፤ አንገቷን ግን አትችልም። ከአገጯ ሥር ይጀምርና ወደ ደረቷ ይወርዳል። እኔ በክሊኒካችን መግቢያ መስኮት ላይ ተቀምጬ ስልክ የማነሳና በሽተኛ የምመዘግብ ሴት ነኝ፤ ስሜ ሬኔት ነው። ወንበሬን ትንሽ ዞር ካደረግሁ የኮሪን አንገት ፊት ለፊት ይታየኛል። የዕለቱን አየር የማውቀው ከሬዲዮ ሳይሆን ከዚያ ነበር።

ኮሪን የተወለደችው እዚሁ ሸለቋችን ውስጥ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካናዳ በሚታይበት የድንች እርሻ ላይ ነው። እንደ ሁላችንም በመከር ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ድንች ለቅማለች። ልጅ በሞላበት ቤት መካከለኛ ስለነበረች የራሷ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ካፖርቷ ከእኅቷ የወረደ፣ ጫማዋ ከወንድሟ የተረፈ ነው። አግብታም ዕድሏ አልተሻሻለም። ባሏ ሬይናልድ ግንድ የሚጭን መኪና ይነዳ ነበር፤ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ጋር ተካፍላው ኖረች። ሲሞትም በቀብሩ ላይ ሁለት ሴቶች አለቀሱለት። የዚያን ቀን ክንዴን ይዛ "ሬኔት፣ እንባዬን እንኳ ለብቻዬ አልተዉልኝም" ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለብቻዋ ያገኘችው ነገር ቢኖር የዶክተር ሳፎርድ ነርስነት ነው። ዶክተር ሳፎርድ ያላገቡ፣ ረጅም፣ የሹራባቸው ክርን ሁልጊዜ የተቀደደ ሰው ነበሩ። ኮሪን በወጣትነቷ ገብታ ጸጉሯ እስኪሸብት ከጎናቸው አልተለየችም። በክረምት መኪናቸውን ቀድማ ወጥታ ታሞቅላቸዋለች። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ "ኮሪን፣ መነጽሬ የት ነው?" ሲሉ አንድም ቀን ሳትስቅባቸው ታወርድላቸዋለች። ይዋደዱ ነበር ወይ? የሸለቋችን ሰው በየቅዳሜው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበን በምንበላው የባቄላ እራት ላይ ይህን ሲያነሳና ሲጥል ነው የኖረው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ እሳቸው ነገሩን አስበውትም የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እሷ ደግሞ ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ከእንግዲህ በወረቀት አይታዘዝም፣ በኮምፒውተር ብቻ ወደ መድኃኒት ቤት ይላካል የሚል ሕግ መጣ። ለዶክተር ሳፎርድም አውራ ጣት የምታክል ግራጫ ዕቃ በፖስታ ደረሰቻቸው። ስትጫን ቁጥር ታወጣለች፤ ቁጥሩም ብዙ ሳይቆይ ይለወጣል። ሐኪሙ ያንን ቁጥርና እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን የምስጢር ቃል ካላስገቡ፣ ሞርፊንና የሞርፊን ዘመዶች ከክሊኒኩ ንቅንቅ አይሉም። እኛ "ማኅተሟ" አልናት፤ ሥራዋ ያው የማኅተም ነውና።

ማኅተሟ ግን ዶክተሩ ጋ አልበረከተችም። መጀመሪያ ከሱሪያቸው ኪስ ጋር ታጠበች። ሌላ ተላከችላቸው፤ እሷንም ከዓሣ ማጥመጃ ሳጥናቸው፣ ከመንጠቆው መሐል ለቅመን አወጣናት።

"ዶክተር፣ ይህችን ነገር ለኔ ይስጡኝ" አለች ኮሪን። "እርስዎ ጋ ከቆየች አንድ ቀን ዓሣ ይውጣታል።"

"ውሰጂያት! የምስጢር ቃሉም የውሻዬ ስም ነው፤ ከኋላው የተወለድኩበትን ዓመት ጨምሪበት። እኔ ራሴ እረሳዋለሁ።" ይህን ያሉት በር ላይ ቆመው ስለነበር ተራ የሚጠብቁት አሮጊቶች ሁሉ ሰሙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅተሟ በኮሪን አንገት ላይ፣ ከመስቀሏ ጎን ተንጠለጠለች። ሕጉ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይንካት ይላል፤ ሕግ ግን የሚኖረው ከተማ ነው። ዶክተሩ ከበሽተኛው ክፍል አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ኮሪን፣ ለዚህ ሰው የጀርባውን መድኃኒት ላኪለት" ይላሉ፤ እሷ ትጫናለች፣ ቁጥሩን ታነባለች፣ የውሻውን ስም ትጽፋለች፣ አለቀ። ለቅዳሴም እሷኑ አንጠልጥላ ትመጣ ነበር። እኔ ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ እቀና ነበር። በዚያ ክሊኒክ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ እንኳ በአደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

"ኮሪን፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማሽም?" አልኳት አንድ እሑድ።

"እሱን ያለው ወርቅ አስሮ የማያውቅ ነው" ብላ አለፈችኝ።

ብሪን ሃስኬል የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ብሪን መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያላት ከፍተኛ ነርስ ናት። ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር ናት የመጣችው፤ ለሸለቋችን ሰው ያ ሌላ አገር ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁሉንም በስሙ የምትጠራ ወጣት ሴት ናት። የራሷ ማኅተም ነበራት፤ ከኪሷ ለአንድ አፍታ አትለያትም። በገባች በመጀመሪያው ቀን ኮሪን የዶክተሩን ማኅተም ስትጫን አየቻት።

"ኮሪን፣ ይቺ የማን ናት?"

"የዶክተር።"

"አንቺ ምን ታደርጊባታለሽ?"

"የሚያስፈልገውን።"

ብሪን ቀጥ ብላ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄደች፤ በሩንም አልዘጋችውም። "ዶክተር ሳፎርድ፣ ይህ እኮ ፊርማዎ ነው። ሰው እጁን ቆርጦ ለሌላ ያስይዛል? አንድ ነገር ቢፈጠር እርስዎም ፈቃድዎን ያጣሉ፣ እሷም ትታሰራለች።"

ዶክተር ሳፎርድ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አፈሩ። "እውነትሽን ነው" አሉ። ወጥተውም ኮሪን ፊት እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ መልሺልኝ፣ ኮሪን።" የማኅተሟ ገመድ ከመስቀሏ ሰንሰለት ጋር ተጠላልፎ እምቢ አለ። እሷ ትፈታለች፣ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ ብሪን ቆማ ታያለች። የዚያን ዕለት አንገቷ እንዴት እንደቀላ አይነገርም።

ከዚያ ወዲህ ኮሪን የማታየው፣ የማትሰማው ነገር ጠፋ። ብሪን ለዶክተሩ የንባብ መብራት ገዝታ አመጣች፤ ኮሪን አየች። ዶክተሩ ምሳቸውን ከብሪን ጋር እየበሉ ስለበሽተኛ መከራከር ጀመሩ፤ ኮሪን ሰማች። በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ በረዶውን በስቶ ዓሣ ማጥመድ ሊያሳዩዋት ወሰዷት፤ ኮሪን ያን ቅዳሜ ባቄላውን ሳትቀምስ ወደ ቤቷ ሄደች።

"ከሷ ጋር ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል" አለችኝ።

"ካንቺስ ጋር?"

"ከኔ ጋርማ መነጽራቸውን ነው የሚጠይቁኝ።"

"ኧረ ተይ ኮሪን! ልጅቷ እኮ ልጃቸው ትሆናለች።"

"ልጅ ከሆነች እንደ ልጅ ትቀመጣ! ምነው ወንበሬ ላይ ወጣች? ብቻ ቀጭን ናት። ክረምቱ ይሰብራታል።" ክረምቱ ግን አልሰበራትም፤ በረዶ ላይ መሮጥ ሁሉ ለመደች። ይህም ኮሪንን አበሳጫት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጉዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ መድኃኒት አዛዥ ሲመጣ ማኅተም ስላለው ብቻ ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች መላክ አይችልም። ሁለት ሰው መስማማት አለበት። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ የአዲሱን አዛዥ ስም አስገብቶ "ይችላል" የምትለዋን ሳጥን ይሞላል፤ ሌላው፣ ቀድሞ ማኅተም የያዘ ሐኪም፣ በማኅተሙ ያጸድቃል። በኛ ክሊኒክ ሳጥን የምትሞላው ኮሪን ናት። ለደም ግፊቱም፣ ለሳሉም፣ ለቁስሉም የብሪንን ስም አስገባች። ያችን አንዷን ሳጥን ግን ባዶዋን ተወቻት።

"ኮሪን፣ የኔ ነገር ምን ደረሰ?" ትላለች ብሪን።

"እየተሠራ ነው፣ የኔ እመቤት። ከላይ መልስ እየጠበቅን ነው።"

ከላይ የሚጠበቅ ምንም አልነበረም። ዶክተሩም "የቢሮ ሰዎች መቼም ታውቂያቸዋለሽ" እያሉ ብሪንን ያጽናናሉ፤ ብርቱ ማስታገሻ ባስፈለጋት ቁጥር በራቸውን አንኳኩታ በሽተኛውን እሳቸው አይተው ይልኩላታል። ኮሪን በሩ ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ደስ ይላታል። ስታፏጭ ሁሉ ሰምቻታለሁ።

"ተይ" አልኳት። "ይህ ነገር እሷ ላይ ሳይሆን በሽተኛ ላይ ነው የሚወድቀው።"

"ዶክተር አሉ አይደል? ታንኳኳ። መለመን ትልመድ።"

ወንዙ ላይ ያለው በረዶ ተሰብሮ ባለፈበት ሰሞን ዶክተር ሳፎርድ ታመሙ። የወገብ ሕመም ነው ሲሉ ቆይተው ከተማ ሄደው ተመረመሩ፤ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፤ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። የከተማው ሆስፒታል ከዚህ በኋላ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም ብሎ፣ እሱንም ቅርብዎ ያለ ይከታተልዎ ብሎ፣ ጥቂት ኪኒን አስይዞ ላካቸው። እሳቸውም በምርኩዝ መጥተው በክሊኒኩ ትንሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሰበሰቡን።

"ከእንግዲህ ሐኪሜ ብሪን ናት" አሉ።

ኮሪን የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። "እኔስ፣ ዶክተር? እኔ ምንዎ ነኝ?"

"አንቺማ ኮሪን ነሽ" አሉና ፈገግ አሉ።

ያችን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስታኝካት ከረመች። መኪና ውስጥ ትጠይቀኛለች፣ ስልክ ደውላ ትጠይቀኛለች፦ "'አንቺማ ኮሪን ነሽ' ማለት ምን ማለት ነው? ሙገሳ ነው ወይስ አንቺ ምንም አይደለሽም ነው?" እኔ ምን አውቄ! ሙገሳ ነው አልኳት፤ አላመነችኝም።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ብሪን ዶክተሩን ቤታቸው አይታ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። የከተማው ኪኒን አልያዛቸውም፤ የዋጡትንም ያስመልሳቸዋል። በጉንጭ የሚሰጥ ፈሳሽ ሞርፊን ያስፈልጋቸዋል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጻፈች፣ ማኅተሟን ከኪሷ አወጣች። ኮምፒውተሩ እምቢ አላት።

ከተማው ሆስፒታል ደወለች፤ ቢሮው ለሳምንቱ መጨረሻ ተዘግቷል፣ ተረኛው ሐኪም ይደውልልሻል ተባለች። አልደወለም። መድኃኒት ቤት ደወለች፤ ፋርማሲስቱ ጊልማን ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን "እመቤቴ፣ ድምፅሽን አላውቀውም፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በስልክ አልሰጥም። በኮምፒውተር ይምጣልኝ። ደግሞ ሳይመሽ እዘጋለሁ" አላት።

ብሪን ስልኩን አስቀምጣ ወደ ኮሪን ዞረች። "ከላይ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ማን ጋ ልደውል?"

ኮሪን ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረች።

"ኮሪን፣ ትቻቸው ስመጣ ሕመሙን ለመቻል ፎጣ ነክሰው ነበር። ማን ጋ ነው የምደውለው?"

"ማንም ጋ። እኔ ነኝ ያልሞላሁት።"

ብሪን ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። "አሁን ሙዪው እንግዲህ" ብቻ አለች።

ሳጥኗን መሙላት ግን ግማሹ ነው። የሚያጸድቀው ማኅተም ዶክተሩ ጋ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ነው ያለው። ኮሪን ተንቀሳቃሹን ኮምፒውተር አቅፋ "ሬኔት፣ ንጂልኝ" አለችኝ። መኪናውን እኔ ያዝኩ። መንገድ ላይ አፌን መያዝ አቃተኝ፤ "አንቺው ታመጪው፣ አንቺው ታሮጪው!" አልኳት። እሷ ኮምፒውተሩን እንዳቀፈች "ፍጠኚ" አለችኝ።

ዶክተር ሳፎርድ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል፤ ፎጣው አፋቸው ውስጥ ነው። ያን ረጅም ሰውነት አጥፈው አጥፈው ትንሽ አድርገውታል። ኮሪን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገች።

"ማኅተሟ የት ናት? እኔ ራሴ እልከዋለሁ፣ በስምዎ። እንደ ድሮው። ቃሉን አውቀዋለሁ።"

ዶክተሩ ፎጣውን ከአፋቸው አወጡ። "ቀይሬዋለሁ።"

"መቼ?"

"ከአንገትሽ የወሰድኳት ዕለት።"

በጥፊ ቢመቷት ይሻላት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ምስጢራቸው ከእሷ ጋር ያለ መስሏት ኖራለች።

"ደግሞስ" አሉ ዶክተሩ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ "ሰው ለራሱ ሞርፊን አያዝም። ጊልማን ይስቅብኛል። ብሪን ለምን አትልክም?"

"ስሟ አልገባም።"

"እነዚያ የቢሮ ሰዎች—"

"እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።" ከዚያ ተከፈተላት። "እኔ ነበርኩ ሁሉን የማደርግልዎ! መኪናዎን የማሞቀው እኔ፣ ሲያስልዎ የምሰማው እኔ። ትናንት የመጣች ሴት ሐኪሜ ናት አሉ። ይህን መድኃኒት እንኳ… እኔ ልሰጥዎ ፈልጌ ነበር። ከኔ እንዲመጣልዎ። ከሷ ሳይሆን ከኔ።"

ሕመሙ መጥቶ ጀርባቸውን ቀለበሰው። ሁለታችንም እስኪያልፍ ከማየት በቀር ምንም አልቻልንም። ሲለቃቸው ላባቸው ትራሱን አርሶት ነበር።

"ቅናትሽን ነገ እንነጋገርበታለን" አሉ። "አሁን ጻፊ፣ ኮሪን።"

ጻፈች። የብሪንን ስም ፊደል በፊደል፣ እሾህ እንደሚረግጥ ሰው። ያችን ሳጥን ሞላቻት። ዶክተሩ ማኅተሟን ከትራሳቸው ሥር አወጡ፤ ተጫኑ፤ ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሩን ሳይጨርሱት ተለወጠባቸው። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና አመለጣቸው። ኮሪን እጇን ሰደደች።

"አይ" አሉ። "በኔ እጅ ይሁን።"

በመጨረሻ ገባ። ኮሪን ለብሪን ደውላ "ስምሽ ገብቷል፤ ላኪው" አለቻት። ብሪን ክሊኒኩ ሆና ትእዛዙን ላከችው።

ጊልማን በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ጠርሙሷን በከረጢት አድርጎ ሰጣት። ኮሪን መኪና ውስጥ አውጥታ አየቻት፤ ልጣፉ ላይ የዶክተሩ ስም አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የአዛዥዋ ስም፦ ብሪን ሃስኬል። በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። ዶክተሩ ቤት እስክንደርስ አውራ ጣቷን አላነሳችም።

መድኃኒቱን ለክታ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳበችና በጉንጫቸው ውስጥ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሾርባ አሞቅሁ። ብዙ ቆይታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ጥላ ተቀመጠች።

"አንቀላፉ?"

"አንቀላፉ። ፎጣውን ለቀቁት።"

"ተመስገን!"

"አታመስግኚ" አለችኝ። ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። "መድኃኒቱ እስኪይዛቸው አጠገባቸው ሆኜ ስጸልይ ነበር። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን አታውቂም።"

"ምን ብለሽ ነው?"

"ግማሼ 'አምላኬ፣ ይሥራላቸው' ይላል። ግማሼ ደግሞ…" ዋጠችው፤ ተመልሶ ወጣ። "የሷ ነዋ፣ ሬኔት! እሷ ነች ያዘዘችው። ግማሼ እንዳይሠራ ይጸልይ ነበር። እንደዚያ ሆነው እያየኋቸው።"

ሾርባውን ቀዳሁላት፤ አልነካችውም። ከመኝታ ቤቱ አልጋው ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያም የዶክተሩ ድምፅ መጣ፣ እንቅልፍ የተጫነው፣ ሕመም የሌለበት፣ እንደ ሕፃን የለሰለሰ ድምፅ።

"ብሪን?"

ኮሪን ተነሣች። ጠረጴዛውን ይዛ ትንሽ ቆመች።

"አቤት" አለችና ገባች።